«ደበረኝ» ስንል፣ ድባቴ ሲሆን

መሀል አዲስ አበባ አንድ ቀን ውሎ «ደበረኝ» የሚል ቃል ሳይሰማ የሚገባ ሰው የለም። አራት ኪሎ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ተማሪ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ሲለው «ኧረ ይደብራል!» ይላል። ፒያሳ ማኪያቶ ይዛ የተቀመጠች ልጅ ስለ አንድ ፊልም ስትጠየቅ «ደባሪ ነው» ብላ ትዘጋዋለች። መብራት ሲጠፋ ይደብራል። ኔትወርክ ሲቆራረጥ ይደብራል። ወሩ ሳይጋመስ ደመወዝ ሲያልቅማ በጣም ይደብራል።

ከነዚህ ሁሉ ሰዎች መሀል አንዱ «ደብሮኛል» ሲል ግን ነገሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ከአልጋ መነሳት ዳገት ሆኖበታል። እህል አይጣፍጠውም። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና እስኪነጋ ጣራ ጣራውን ሲያይ ያድራል። የሚወደውን ኳስ ማየት ከተወ ሳምንታት አልፈዋል። ቃሉ ግን ያው «ደብሮኛል» ነው። የሚያገኘውም መልስ ያው ነው፤ «ወጣ በል እንጂ፣ ንፋስ ይንካህ!»

እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። የየዕለቱ መሰላቸትና ከባድ ሕመም በአንድ ስም ሲጠሩ የሚጎዳው የታመመው ሰው ነው። ሕመሙን እየነገረን እኛ የምንሰማው መሰላቸቱን ነው።

የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ለሕመሙ «ድባቴ» የሚለውን ቃል የሚመርጡት ይሄን አይተው ይመስለኛል። ሬዲዮ ላይ ሲናገሩ እንሰማቸዋለን። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ግን ገና ሰፈር አልገባም። እናቶቻችን አይሉትም፣ የታክሲ ረዳቱም አይለውም። ወጣቱ ደግሞ «ዲፕረስድ ሆኛለሁ» ማለት ይቀናዋል። እሱም ቢሆን ከቀን ወደ ቀን እየቀለለ ነው። ፈተና ሲከብድ «ዲፕረስ አረገኝ» ይባላል፤ የሚደግፉት ክለብ ሲሸነፍም እንደዚያው።

ለመሆኑ ይሄ ዲፕሬሽን የሚባለው ቃል ከየት መጣ? ሥሩ ላቲን ነው። «ዴ» ወደ ታች፣ «ፕሬሜሬ» ደግሞ መጫን ነው፤ ተጭኖ ዝቅ ማድረግ እንደማለት። ስሜቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም። «ተጫጫነኝ» እንላለን፣ «ልቤን ከበደኝ» እንላለን። የሚገርመው ግን ቃሉ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ከሐዘን ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። የከዋክብት አጥኚዎች ቃል ነበር። አንድ ኮከብ ከአድማስ በታች ምን ያህል እንደወረደ ይለኩበት ነበር። የሰውን መንፈስ መውረድ ለመግለጽ በሰፊው የዋለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

ከዚያ ወዲህ ቃሉ በየሙያው ተበተነ። የጂኦግራፊ ሰው ከዙሪያው ዝቅ ያለ መሬትን በዚሁ ስም ይጠራዋል። የኛው ዳሎል ያለበት፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የሚወርደው ረባዳ ምድር በዓለም ካርታ ላይ «የደናክል ዲፕሬሽን» ነው። የአየር ጠባይ ባለሙያም ዝቅተኛ የአየር ግፊት ያለበትን አካባቢ እንዲሁ ይለዋል። የኢኮኖሚ ባለሙያው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1929 ጀምሮ ዓለምን ያዳረሰውን ቀውስ ያስባል። እ.ኤ.አ. በ1933 አሜሪካ ውስጥ ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር። ብራዚል ገዢ ያጣ ቡናዋን በእሳት አቃጠለች። እኛ ለዚህኛው «የኢኮኖሚ ድቀት» የሚል የራሱ ስም ስላለን ከምንም ጋር አይምታታብንም። ዜና ላይ «ድቀት» ሲባል ማንም ሰው «ወጣ በል፣ ንፋስ ይንካህ» አይልም።

ሕመሙ ራሱ ከዲፕሬሽን በፊት ሌላ ስም ነበረው። የጥንት ግሪኮች «ሜላንኮሊያ» ይሉት ነበር፤ ጥቁር ሐሞት ማለት ነው። በሰው ገላ ውስጥ አራት ፈሳሾች አሉ ብለው ያምኑ ነበር፤ ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት። ጥቁሩ ሲበዛ ሰው ይተክዛል አሉ። ጥቁር ሐሞት የሚባል ፈሳሽ እንደሌለ ዛሬ እናውቃለን። ሕመሙን ግን በደንብ አይተውታል። በሂፖክራጥስ ስም ከቆዩን ጽሑፎች አንዱ፣ ፍርሃትና ሐዘን ለረጅም ጊዜ ከቆዩ ነገሩ ሜላንኮሊያ ነው ይላል። ልብ በሉ፤ ያኔም ዋናው መለኪያ የቆይታው ርዝመት ነበር።

አማርኛም መንፈስን ከሐሞት ጋር ያያይዛል። ቆራጥ ሰው ሐሞተ ኮስታራ ነው። ወኔው የከዳው ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ ይባላል። ይሄ አባባል ከግሪክ ይምጣ ከራሳችን አላውቅም፤ ጉዳዬም አይደለም። ሰው የመንፈሱን መውደቅ ከድሮም ገላው ውስጥ እንደፈለገው ግን ያሳያል። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው የድሮ ስም ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በእኛ አቆጣጠር መዝሙር 90 ላይ ዳዊት «ከአደጋና ከቀትር ጋኔን አትፈራም» ይላል። ጠዋት ጠዋት ዳዊት የሚደግሙ አባቶችና እናቶች በቃላቸው ያውቁታል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤቫግሪየስ ይሄንኑ የቀትር ጋኔን ወስዶ፣ እኩለ ቀን ሲሆን በመነኮሳት ላይ የሚወርድ ፈተና አድርጎ ጽፎታል። መነኩሴው ፀሐይዋ የቆመች ይመስለዋል። ቀኑ 50 ሰዓት ያለው ይመስለዋል። ዓይኑ መስኮት መስኮቱን ያያል። በዓቱን ይጠላል፣ የእጁ ሥራ ያስጠላዋል። ወንድሞች ፍቅር የላቸውም፣ የሚያጽናናኝ የለም ብሎ ያስባል። ይሄን ዛሬ ለአንድ የሥነ አእምሮ ሐኪም ብታነቡለት ግማሹን ከታካሚዎቹ እንደሰማው ይነግራችኋል። ግማሹ ደግሞ የስንፍና ወይም የመሰላቸት ይመስላል። መሰላቸትና ሕመም በአንድ ስም መጠራታቸው እንግዲህ የዛሬ ችግር ብቻ አይደለም ማለት ነው። በእኛም ሰፈር «ዐይነ ጥላ አለበት»፣ «ውቃቢው ራቀው» የሚባለው ሰው ብዙ ጊዜ ይሄው ነው፤ ከሰው የሸሸ፣ የጀመረውን የማይጨርስ፣ ፊቱ የጠቆረ።

አሁን ሐኪም ቤት የሚሠራበት ትርጉም የቅርብ ጊዜ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን የአእምሮ ሕመሞችን ሲመድብ የመንፈስ መውረድ የራሱን ቦታ ያዘ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካ ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አዶልፍ ማየር ደግሞ «ሜላንኮሊያ» ቀርቶ «ዲፕሬሽን» ይባል አለ። ምክንያቱን እወድለታለሁ። አሮጌው ስም የሕመሙን መነሻ የምናውቅ ያስመስለናል፣ እኛ ግን አናውቀውም ነው ያለው። ስለዚህ የሚታየውን ብቻ የሚናገር ስም መረጠ፤ ተጭኖታል፣ ወርዷል።

እ.ኤ.አ. በ1980 የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ባወጣው መመሪያ ደግሞ ምልክት ቆጥሮ፣ ጊዜ ለክቶ መለየት ተጀመረ። ዛሬ በሚሠራበት መለኪያ ዘጠኝ ምልክቶች አሉ። ስሜት መውረድ፣ ወይም ድሮ ደስ ይል የነበረ ነገር ጣዕም ማጣት፤ ከነዚህ ከሁለቱ አንዱ የግድ መኖር አለበት። ሌሎቹ የእንቅልፍ መዛባት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ድካም፣ ሐሳብ መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን ዋጋ ቢስ ወይም ጥፋተኛ አድርጎ ማየት፣ መፍዘዝ ወይም መቁነጥነጥ፣ ሞትን ማሰብ ናቸው። ቢያንስ አምስቱ፣ ከቀኑ አብዛኛውን ሰዓት፣ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ሁኔታ፣ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሲቆዩና ኑሮን ሲያውኩ ነው ድባቴ የሚባለው።

ሁለት ሳምንት የሚለው ቁጥር ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ነገር ይለያል። ሰልፍ ላይ የደበረው ተማሪ ታክሲው ሲመጣ ይለቀዋል። ድባቴ የያዘውን ሰው ታክሲው ቢመጣም፣ ደመወዝ ቢገባም፣ ልጁ ብትመረቅም አይለቀውም። የልጁ ምርቃት ላይ ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ ደስታው ግን አይመጣለትም። ይባስ ብሎ «ምን ዓይነት አባት ነኝ?» ብሎ ራሱን ይወቅሳል።

ችግሩ፣ መሀል አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲሄድ ይሄን ሁሉ ይዞ አይሄድም። «ጨጓራዬን» ብሎ ነው የሚሄደው።

ካዛንቺስ ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት ነበሩ። «ድባቴ» የሚል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል» ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ከዚያ «ጭንቅላቴን ያግለኛል» መጣ። ከዚያ «ሰውነቴን ይወረኛል»። አንዱ ክሊኒክ የጨጓራ ሽሮፕ ሰጣቸው። ሌላው ደም ወስዶ ታይፎይድና ታይፈስ ነው አላቸው። የታዘዘውን ሁሉ ዋጡ፤ ወይ ፍንክች።

ቤታቸው ስገባ የማየው ሌላ ነገር ነበር። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱን ሁሉ የሚሰበስበው ቡና ቀርቷል። ሲኒዎቹ ረከቦቱ ላይ እንደተደፉ አቧራ ጠጥተዋል። እሳቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጣሉ። ቴሌቪዥኑ ተከፍቷል፣ አያዩትም። «ቡና ላፍላልዎት?» ስላቸው «አላሰኘኝም፣ ልጄ» አሉኝ። ሦስተኛው ሳይጠጣ እንግዳ የማይሸኙ ሴት ነበሩ እኮ! ሰፈሩ «ሐሳብ ነው፣ ሐሳብ አበዙ» አለ። እኔ አሁን ሳስበው ሰፈሩ ከሁለቱም ክሊኒኮች ይልቅ ለእውነቱ ቀርቦ ነበር። ችግሩ «ሐሳብ» ሕክምና አለው ብሎ ያሰበ ሰው አለመኖሩ ነው።

በኋላ ጤና ጣቢያ ውስጥ አንዲት ነርስ የደም ግፊታቸውን እየለካች «እንቅልፍስ እንዴት ነው፣ እናቴ? ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልዎታል?» አለቻቸው። እዚያው አለቀሱ። ሕክምናቸው ከዚያ ጥያቄ ጀመረ።

የጨጓራው ቃጠሎ ውሸት አልነበረም። ድባቴ እንቅልፍን፣ የምግብ መፈጨትን፣ የሕመም ስሜትን ይነካል። ራስ ምታቱ እውነተኛ ራስ ምታት ነው። «ምንም የለብዎትም» ብሎ መሸኘት ለዚህ ነው የሚጎዳው። ታካሚው ውጤቱን ይዞ ሲወጣ የሚረዳው «አላመኑኝም» የሚለውን ብቻ ነው።

«ሐሳብ አበዛ» የሚለው አነጋገር ደግሞ እኛ ጋ ብቻ ያለ እንዳይመስላችሁ። ዚምባብዌ ውስጥ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» ይላሉ። በእኛ መብሰልሰል የምንለው ዓይነት ነው። የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ውስጥ በጤና ጣቢያ ግቢ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያነጋግሩ አያቶችን ማሠልጠን ጀመረ። አያቶቹ የሚያወሩት ስለ ኩፉንጊሲሳ ነው። ያዳምጣሉ፣ ከችግሮቹ አንዱን ይመርጣሉ፣ እሱን ለመፍታት አብረው ያቅዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት፣ እነዚህ አያቶች ያነጋገሯቸው ሰዎች ከስድስት ወር በኋላ ምልክታቸው ከሌሎቹ ታካሚዎች በጣም ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። እኛ አገርም የተጀመረ ነገር አለ። ዘጠኝ ጥያቄ ያለው የድባቴ መለያ መጠይቅ በአማርኛ ተዘጋጅቶ አዲስ አበባም ቡታጅራም ተፈትሿል። ከሱ በተጨማሪ «ምን ያብሰለስልዎታል?» የሚል ጥያቄ በየጤና ጣቢያው ቢጠየቅ ደስ ይለኛል። ለዚህ ጥያቄ የማይመልስ የሀገሬ ሰው አላውቅም።

እዚህ ጋ ግን ወደ ሌላው ጽንፍ እንዳንሄድ እፈራለሁ። ያዘነ ሁሉ አልታመመም።

ለሐዘን እኛ ሥርዓት አለን። ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያወርዳል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው ሥራ ባይገባ ማንም አይወቅሰውም። ባይበላ «እህል ቅመስ» ብሎ የሚያጎርሰው አለ። ብቻውን እንዳያድር የሚያድርለት አለ። የአሜሪካዎቹ መመሪያ እ.ኤ.አ. እስከ 2013 ድረስ ዘመድ የሞተበትን ሰው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ድባቴ አለበት እንዳይባል ይከለክል ነበር። በዚያ ዓመት ክልከላው ተነሳ፤ ብዙ ክርክርም አስነሳ። አንዱ ወገን ሐዘንን በሽታ አታድርጉብን አለ። ሌላው ወገን ሐዘን ላይ ያለ ሰውም ሊታመም ይችላል፣ ሕክምና አትከልክሉት አለ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ለቅሶ ቤት ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። ሐዘንተኛ እንባው ይመጣል፣ ይሄዳል። በመሀል ስለ ሟቹ ቀልድ ሲነሳ ይስቃል። ለራሱ ያለው ክብር አልጠፋም። ድባቴ የያዘው ሰው ግን ቀልዱም እንባውም አይደርሱትም። ሟቹን ከማጣቱ ይልቅ የራሱን ከንቱነት ያወራል። ሙት ዓመቱ አልፎም እዚያው ከሆነ ሰው ሊጠይቅለት ይገባል።

ድንኳን የማይተከልለት ሐዘንም አለ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ከተማዋ ዳር ሄዷል። አዲሱ ቤት ውሃና መጸዳጃው የተሻለ ሊሆን ይችላል፤ ይሄን አልክድም። ግን አርባ ዓመት አብሮ ቡና የጠጣ ጎረቤት አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ሆኗል። እድሩ ተበትኗል። በአራተኛ ፎቅ ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ስትተክዝ በር አንኳኩቶ «ምነው ዛሬ ጠፉ?» የሚላት የለም። ድባቴን ከሚያመጡት ነገሮች አንዱ ብቸኝነት መሆኑን ባለሙያዎች ሁልጊዜ ይናገራሉ። ከተማዋን የሚያቅዱ ሰዎች መንገድና መብራት ሲቆጥሩ ይሄንንም ቢቆጥሩ እላለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 330 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ድባቴ እንዳለባቸው ይገምታል። ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው ሀገሮች ከአራቱ ሦስቱ ምንም ሕክምና አያገኙም። እኛ ጋ ከገንዘቡና ከባለሙያ እጥረቱ ሌላ አንድ ስም ያስፈራል፤ አማኑኤል። ሆስፒታሉ ለአሥርት ዓመታት በሀገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበር። ስሙ በሰፈር አፍ ስድብ ሆነ። «አማኑኤል ይውሰዱህ!» እየተባለ ያደገ ልጅ አድጎ ሲታመም እዚያ በር ላይ መታየት ሞት ይመስለዋል። ብዙ ሰው ግን አንድ ነገር አይሰማም። ዛሬ ዘውዲቱና ጳውሎስን በመሳሰሉ ጠቅላላ ሆስፒታሎችም የሥነ አእምሮ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን እዚሁ ያሠለጥናል። ከዚያ በፊት ለዚህ ትምህርት ውጭ ሀገር መሄድ ግድ ነበር።

ሕክምናው ሁለት መንገድ አለው፤ በንግግርና በመድኃኒት። ለቀላሉ ድባቴ ብዙ ጊዜ የንግግር ሕክምናው ይበቃል። መድኃኒት ካስፈለገ ፍሉኦክሰቲንና አሚትሪፕቲሊን የተለመዱ ናቸው። ሥራቸውን ለመጀመር ግን ሳምንታት ይፈጃሉ። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት «አልረባኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ ትንሽ ሲሻለው በራሱ ያቆመዋል፣ ሕመሙም ይመለሳል። ሁለቱንም ሐኪሙን ሳያማክሩ ማድረግ ጉዳት አለው። ጠበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን እየወሰደ መጠመቅ ይችላል። አንዱን ለመያዝ ሌላውን መጣል የለበትም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፣ ከሁሉም የሚያስቸኩለው። «ምነው ፈጣሪ በወሰደኝ»፣ «በቃኝ»፣ «አፈር በሆንኩ» እንደ ዋዛ የሚባሉ ናቸው። ሁልጊዜ ዋዛ አይደሉም። በተለይ እንቅልፍ ካጣ፣ ከሰው ከሸሸ፣ ዕቃውን ለሰው ማከፋፈል ከጀመረ ሰው አፍ ሲወጡ። ያኔ ቁጭ ብላችሁ በቀጥታ «ራስህን የማጥፋት ሐሳብ መጥቶብህ ያውቃል?» ብላችሁ ጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ብዙዎች እፎይ ይላሉ። «አዎ» ካለ ብቻውን አትተዉት። ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ከቤት አርቁ። ቤተሰብ ጥሩና በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይዛችሁት ሂዱ። የድንገተኛ ክፍል ሌሊትም ክፍት ነው። ስትደርሱ «ደብሮት ነው» አትበሉ። የተናገረውን፣ ስንት ሌሊት እንዳልተኛ፣ መቼ እንደበላ እንዳለ ንገሯቸው።